በሰናግ ተራሮች የተገኘው ወርቅና የሐርጌሳ ሚዛን

የሐርጌሳን ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት እንግዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው በገንዘብ ለዋጮቹ ነው። የሶማሌላንድ ሽልንግ በጎማ እየታሰረ እንደ ጡብ ተደርድሮ በመንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ባለቤቱም የጸሎት ሰዓት ሲደርስ በጨርቅ ሸፈን አድርጎት ወደ መስጊድ ይሄዳል። ከዚያ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደግሞ ወርቅ ሻጮቹ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ትንንሽ የመስተዋት ሣጥኖቻቸውን በፊታቸው አቁመው፥ ከራሳቸው በላይ ጥላ ዘርግተው፥ አምባሩንና ድሪውን፥ ጉትቻውንና ቀለበቱን ለገዢ ያሳያሉ።

እኛም በሥራ ምክንያት በዚህች ከተማ መቀመጥ ከጀመርን ወዲህ በዚህ ሰፈር ስናልፍ ቆመን ከመመልከት በቀር አንዳች ነገር ገዝተን አናውቅም ነበር። በአገር ቤት ያለችው የእኅታችን ልጅ ልትዳር ሆነና የጣት ቀለበት እንድንልክላት በታዘዝን ጊዜ ግን ከአንዲት ሽማግሌ ሴት ሣጥን ፊት ቆምን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን በዚያ ቀን ያየነው ነገር ነው። ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ለአንባብያን የምናስታውሰው፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በሐርጌሳ በሚሠራበት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ነው።

ሴትዮዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ኤዶ» እያለ ይጠራቸዋል። ይህም በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ነው። እኛ በአማርኛ የአባትንም የእናትንም እኅት አንድ አድርገን «አክስት» ስንል፥ ሶማሌዎች ለይተው የእናትን እኅት «ሐበርያር» ይሏታል። ኤዶ አማርኛ ያውቃሉ። በ1988 ሐርጌሳ በጦር አውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው፥ በጅጅጋ አቅራቢያ በነበረው በሐርተሼክ የስደተኞች ሰፈር ብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። አማርኛውን የተማሩት በዚያው በጅጅጋ ገበያ ሻይ ሲሸጡ ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ንግዳቸውን ከትንሽ ጀምረው ካቋቋሙ በኋላ፥ በኤፕሪል 2022 መጀመሪያ የዋሔን ገበያ በተቃጠለ ጊዜ ሣጥናቸውም ዕቃቸውም አብሮ ተቃጠለ። አራት ቀን ሙሉ ዐመዱን በወንፊት እየነፉ የቀለጠውን ለቀሙት። «ጨርቅ ሻጮቹ አለቀሱ፤ እኔ ግን ዐመድ ነፋሁ» ብለው ነገሩን።

ቀለበቱን መርጠን፥ በሚዛን አስመዝነን፥ 4 ግራም ሆነ። ባለ 21 ካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሚባል፥ ባለ 21 ካራት የሆነው ከመቶው 87 ተኩል እጁ ወርቅ፥ የቀረው መዳብና ብር ነው ማለት ነው። ንጹሑ ለስላሳ ስለ ሆነ ለቀለበት አይመችም። ይህን ሁሉ ኤዶ እንደ መምህር ሆነው አስረዱንና ከጨረሱ በኋላ፥ «ይህ ከዱባይ የመጣ ነው፤ የኛን ላሳይህ?» አሉና ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ የወረቀት ጥቅልል አውጥተው ፈቱት። በውስጡ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፥ ቅርጽ የሌላቸው፥ ከሩቅ ሲያዩአቸው ዝገት የሚመስሉ አምስት ስድስት ፍሬዎች ነበሩ። «ከሰናግ ነው» አሉን።

ሰናግ ከሐርጌሳ በጣም ሩቅ የሆነ የሰሜን ምሥራቅ አውራጃ ነው። መንገደኛው ከሐርጌሳ ወደ በርበራ ቁልቁል ወርዶ፥ ከዚያ በሼኽ ተራራ ጠመዝማዛ ወደ ቡርዖ ይወጣል፤ ከቡርዖም ረጅሙን ሜዳ አቋርጦ የአውራጃው ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ኤሪጋቦ ይገባል። የቡርዖንና የኤሪጋቦን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡና በውጭ አገር የሚኖሩት ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተዋል። ከኤሪጋቦ በስተ ሰሜን ዳሎ የተባለው ገደል አለ። በአፋፉ ላይ ጥድ የበቀለበት፥ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብስ፥ የእኛን የደጋ አገር የሚያስታውስ ስፍራ ነው፤ ከሥሩ ግን በሐሩር የሚቃጠለው ቆላና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ይታያሉ። የአገሩ ከፍተኛ ተራራ ሽምቢሪስም የሚገኘው እዚያው ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። በተራራው ወገብ ላይ የዕጣን ዛፎች ከዓለት ላይ ተለጥፈው ይበቅላሉ። «ቤዮ» እና «ማይዲ» የተባሉትን ሁለቱን የዕጣን ዓይነቶች የአገሩ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ በወረሰው ድርሻ እየደማ ይለቅማቸዋል።

ወርቁ የተገኘው ከዚህ ከተራራው ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ፥ በተለይም ሚልሖ በተባለው አካባቢ ነው። ነገሩ ለምርምር ሰዎች እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት አገሩን በሚያስተዳድርበት ዘመን ጆን ሀንት የተባለው ጂኦሎጂስት ከ1944 እስከ 1950 አገሩን አጥንቶ ሪፖርቱን በ1951 አሳትሟል። በበርበራ አጠገብ ስላለው ጂፕሰም፥ በምሥራቅ በኩል በማጃያሃን ስላለው የቆርቆሮ ማዕድንም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነገር አለ። የሰሜን ሶማሌ ዓለት መሠረቱ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። በግብፅና በሱዳን በረሃ፥ በቀይ ባሕር ማዶ በዐረብ አገር፥ በኤርትራና በትግራይ ተራሮች ወርቅ የሚወጣበትም ዓለት በዕድሜ የዚሁ ጥንታዊ ወገን ነው። ከምድር ውስጥ የፈላ ውሃ በስንጥቁ ሲያልፍ ኳርትዝ የተባለውን ነጭ ድንጋይ እንደ ደም ሥር ዘርግቶ ይተዋል፤ ወርቁም አልፎ አልፎ በዚያ ውስጥ ይቀራል። ተራራው በዝናብና በፀሐይ ሲፈርስ ደግሞ ወርቁ ከባድ ስለ ሆነ አፈሩ ሲታጠብ እርሱ በጅረቱ ወለል ላይ ይዘቅጣል። ክብደቱን ለማወቅ የሚሻ አንባቢ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ጠርሙስ ያስብ፤ በውሃ ቢሞላ 1 ኪሎ፥ በወርቅ ቢሞላ ግን ከ19 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ታዲያ ዓለቱ የጥንት ሆኖ ሳለ የወርቅ ቆፋሪው መንጋ ስለምን በእኛ ዘመን ጎረፈ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ከወርቁ ይልቅ በበጎቹ ዘንድ ይገኛል። የዚህ አገር ሕዝብ ኑሮው በከብት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፍየሉና በጉ፥ ግመሉም በበርበራ ወደብ ተጭኖ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል፥ ከሁሉ ይልቅም በሐጅ ወራት። ከ2000 እስከ 2009 የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት በከብት በሽታ ምክንያት ገበያውን በዘጋ ጊዜ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ተናጋ። ይህ ካለፈ በኋላ የ2016 እና የ2017 ድርቅ መጣ። በዚያ ድርቅ መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ ቁጥር ስፍር የለውም። በበረሃ ያለ ወጣት መንጋው ካለቀ ሥራው አለቀ። ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ የደረሰው እንደዚህ ወዳሉት ሰዎች ነው። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንደ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግበው፥ በብድር ገዝተው ወይም ተከራይተው፥ ወደ ተራራው ወጡ። በዚያ ጊዜ 1,300 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ ወቄት ወርቅ የዓለም ዋጋ በኦክቶበር 2025 ከ4,000 ዶላር በላይ መድረሱ ደግሞ ወሬውን አጠነከረው። (በዓለም ገበያ የሚሠራበት ወቄት 31 ግራም ከጥቂት ነው። የእኛ የጥንቱ ወቄት ግን የአንድ ማርትሬዛ ብር ክብደት፥ ማለት 28 ግራም ያህል ስለ ነበረ፥ አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት አሮጌ ደብዳቤ ሲያነቡ ሁለቱን እንዳያምታቱ ይጠንቀቁ።)

በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን በሚገኝ ሻይ ቤት ከሽሬ አካባቢ የመጣ አንድ ወጣት አገኘን። በሐርጌሳ በግንበኛ ረዳትነት የሚሠራ ነው፤ ከእርሱ ጋር በትግርኛ ስንጫወት ቆየንና፥ በአገሩ ሳለ ወርቅ ይቆፍር እንደ ነበር ነገረን። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ወርቅ በባሕላዊ ዘዴ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። በበጋ ወራት ገበሬው ከነሚስቱ ከነልጆቹ ወደ ወንዝ ወርዶ አሸዋውን በገበቴ እያጠበ ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍለውን ያህል ያወጣ ነበር። ወጣቱ እንደ ነገረን ግን የእርሱ ሥራ እንደ አባቶቹ በወንዝ ዳር አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ይወርዳል፤ በባትሪ ብርሃን ነጩን ድንጋይ እየተከተለ ይቆፍራል፤ ድንጋዩ ወጥቶ ይፈጫል። ከሚገኘው ላይ ለመሣሪያው ባለቤት፥ ለወፍጮው ባለቤት፥ ለመሬቱ ባለቤትና ለውሃ አመላላሹ ይከፈላል። ለቆፋሪው የሚቀረው ከሁሉ በኋላ ነው።

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ ወይ?» አልነው።

«ጋሼ፥ ወርቅ ሲገኝ ሁሉም ሰው ወንድማማች ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ሲመዘን ነው» አለን።

ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። ስለ ወርቅ ማዕድን የሚጻፈው ሁሉ ስለ ድንጋዩና ስለ መኪናው ይናገራል፤ የሚዛኑን ነገር የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የቀድሞ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ይመስለናል። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የራስዋን የወርቅ ገንዘብ ታትም ነበር፤ ከእነዚያ መጀመሪያዎቹ ላይ ስሙ የተቀረጸው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ወርቁ ከወዴት ይመጣ እንደ ነበር በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ ጽፎአል። የንጉሡ ሰዎች ከብት፥ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደ ተባለው ሩቅ አገር ይወርዳሉ፤ እዚያም በእሾህ አጥር ከበው ይሰፍራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎች መጥተው ለወደዱት ዕቃ ጥቂት የወርቅ ፍሬ ያኖሩና ራቅ ብለው ይቆማሉ። የሥጋው ባለቤት ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፥ ካልበቃው ይተወዋል፤ ባለወርቁም ይጨምራል ወይም የራሱን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይህን ያህል ይተማመኑ ነበር። እኛ ግን ስልክና ማኅተም፥ የላብራቶሪ ምርመራም እያለን እንዲህ ያለውን መተማመን አጥተነዋል።

የሚዛን ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው የኢትዮጵያ ሒሳብ ነው። በ2011 እና 2012 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የላከችው ወርቅ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ2018 እና 2019 ግን ከ50 ሚሊዮን በታች ወረደ። ትልቁ የለገ ደንቢ ማዕድን በዚያ ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው ዋጋና በድብቅ ገበያ የሚገኘው ዋጋ እጅግ ስለ ተራራቁ ወርቁ በድንበር ሾልኮ ይወጣ ነበር። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በመጣው የበጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ወርቅ ዋጋ 3 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ደረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተራራው አልተለወጠም፥ የቆፋሪውም እጅ በድንገት አልበዛም። የዓለም ዋጋ መውጣቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ሌላው የተለወጠ ነገር በሚዛኑ ፊት ለቆመው ሰው የሚሰጠው ዋጋ ነው። የሰናግ ወርቅ አሁን በዚያ ቀድሞ በተጠቀሰው ዓይነት ጎዳና ላይ ነው። ኤዶ እንደ ነገሩን ወደ ሐርጌሳ የሚደርሰው ቅንጣቱ ብቻ ነው፤ የቀረው በቦሳሶ በኩል ወደ ዱባይ ይሄዳል። በኪስ ተይዞ ሄዶ ቀለበት ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ምናልባትም ለእኅታችን ልጅ የገዛነው ቀለበት በዚሁ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

ትልቅ ማዕድን ማቋቋም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኩባንያው መጀመሪያ የምርምር ፈቃድ ያወጣል፤ ተራራውን በመሰርሰሪያ እየበሳ የድንጋዩን ናሙና ያስመረምራል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ዓመት ይፈጃል። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 2 ግራም ወርቅ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ለሥራ የሚበቃ ሆኖ ይቆጠራል። አንባቢ እስቲ የእኛን ቀለበት ያስላ፤ 4 ግራሙ ባለ 21 ካራት ቀለበት በውስጡ ሦስት ግራም ተኩል ንጹሕ ወርቅ አለው፤ ይህንንም ለማውጣት አሥራ ሰባት ኩንታል ተኩል ድንጋይ ተቆፍሮ፥ ተሰብሮ፥ ተፈጭቶ መታጠብ አለበት። ለዚህም መንገድ፥ መብራት፥ ከሁሉም በላይ ውሃ ያስፈልጋል። ወርቁ ከተፈጨው ድንጋይ የሚለየው ሳይናይድ በተባለው መርዝ ስለ ሆነ፥ የታጠበው ጭቃ በዝቃጭ ግድብ ውስጥ ለዘለዓለም መጠበቅ አለበት። በሰናግ ሕዝቡ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅመው «በርከድ» በተባለ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው። በርከዱ ባለቤት አለው፥ የሚጠጡበትም መንጋዎች የታወቁ ናቸው። ማዕድኑ ሲመጣ ከማን በርከድ ሊጠጣ ነው?

የለገ ደንቢን ነገር ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በጉጂ፥ በሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው ይህ ማዕድን በ1990 ገደማ በመንግሥት ተከፍቶ፥ በ1997 ለሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ ፈቃዱ በ2018 ሲታደስ የአካባቢው ሕዝብ ውሃችን ተመረዘ፥ ልጆቻችንና ከብቶቻችን አካለ ጎደሎ ሆነው ተወለዱ ብሎ ተነሣ፤ ማዕድኑም በግንቦት ወር ተዘጋ፤ ዳግመኛ የተፈቀደው በ2021 ነው። ሕጉ ጉድለት ያለበት አይመስልም። በኢትዮጵያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን የሚያወጣ ኩባንያ ከሽያጩ 7 በመቶ ለመንግሥት ይከፍላል፥ መንግሥትም በነጻ 5 በመቶ የአክሲዮን ድርሻ ይይዛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በመቶ የተሰላ ገንዘብ በከተማ ሲከፋፈል፥ በማዕድኑ ጎን የተቀመጠችው እናት የምትመዝነው የልጅዋን ጤና ነው። የአማርኛው ተረት «እህል ላበደረ አፈር፥ ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል፤ በዚያ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አይሰማውም።

በትግራይ የሆነው ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳያል። በዚያ አገር ኢዛና የተባለው ኩባንያ በሜሊ ማዕድን ከፍቶ ወርቅ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ አንድ የካናዳ ኩባንያም በተራክምቲና በማቶ ቡላ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። በኖቬምበር 2020 ጦርነት ተነሣና ሥራው ሁሉ ቆመ። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ ወርቁ ቀድሞ የደረሰው ባለ ፈቃድ ሳይሆን ባለ መኪናና ባለ ጉልበት ሆነ። የሻይ ቤቱ ወዳጃችን ከአገር የወጣው በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ አሁን የእርሱ ቀበሌ ወንዝ በቁፋሮ ቦረቦር ሆኖአል ብሎ ወንድሙ በስልክ እንደ ነገረው አጫወተን። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኛም የዚያው አገር ሰዎች ስለ ሆንን ዝም አልን።

በሰናግ ለሚታሰበው ማዕድን ከዚህ የከፋ እንቅፋት አለበት። ወርቅ የተገኘበትን ምሥራቃዊውን ክፍል የሐርጌሳ መንግሥት የእንግሊዝን የጥንት ወሰን ይዞ የእኔ ነው ይላል፤ በ1998 የተቋቋመው ፑንትላንድ የጎሣን ዝምድና ይዞ የእኔ ነው ይላል፤ በ2023 በላስ ዓኖድ ከተደረገው ጦርነት በኋላ የተነሣውና የሞቃዲሾ መንግሥት በ2025 የተቀበለው አስተዳደር ደግሞ ሦስተኛ ባለ ይገባኛል ነው። ይህን ክርክር መፍረድ የእኛ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ሰው ፈቃድ በሚሰጥበት ተራራ ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር እንደሌለ ለመናገር ዳኛ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚገባ ኩባንያም የሚገባው ወርቁን ፈጥኖ ሊያነሣ እንጂ የዝቃጩን ግድብ ሃምሳ ዓመት ሊጠብቅ አይደለም።

ከዚህም ሌላ በቤተሰብ ላይ የሚመጣ አደጋ አለ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች በእጅ የሚቆፍሩ ሰዎች ወርቁን ከአፈሩ የሚለዩት በባዜቃ ነው፤ ይህም ሜርኩሪ የሚባለው እንደ ውሃ የሚፈስ ብረት ነው። ባዜቃው ወርቁን አቅፎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በእሳት ሲያነዱት ተንኖ ይሄድና ወርቁ ይቀራል። ትነቱ ግን የትም አይጠፋም፤ የሚያነድደው ሰው፥ በአጠገቡም ያለው ሕፃን ይተነፍሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ባዜቃ 38 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ሥራ ነው። የባዜቃን ነገር ለመቆጣጠር በጃፓን ከተማ በሚናማታ ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2017 ጀምሮ ጸንቶአል። በሰሜን ናይጄሪያ በዛምፋራ ክፍለ ሀገር የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የዚያ አገር የወርቅ ድንጋይ እርሳስ የተባለው ብረት ነበረበት። ሰዎቹም ድንጋዩን ወደ መንደር አምጥተው በግቢያቸው ፈጩት፤ አቧራው በምግቡና በመኝታው ላይ ወረደ፤ በ2010 ከ400 የሚበልጡ ሕፃናት ሞቱ። አባቶቻቸው ያመጡት ለልጆቻቸው ዳቦ ሊገዙበት ነበር።

ይህን ለኤዶ ስንነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙንና፥ «በሰናግ ድንጋዩን የት ነው የሚፈጩት?» ብለው መልሰው ጠየቁን። እኛም ሄደን አላየንምና ልንመልስላቸው አልቻልንም።

በእኛ በኩል የሚመስለንን ብንናገር፥ ትልቁ ማዕድን ይቆይ እንላለን። በግ ካልተሸጠ በድርቅ ይሞታል፥ ዕጣንም ካልተለቀመ ይባክናል፤ ወርቅ ግን አይበሰብስም። 500 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀ ሌላ ሃያ ዓመት ቢጠብቅ የሚጎድልበት የለም። በዚህ መካከል ትንንሾቹ ሥራዎች ቢቀድሙ መልካም ነው። የቆፋሪዎቹ ወፍጮ ከመኖሪያ ርቆ እንዲተከል ማድረግ፥ ውሃውን አስቀድሞ መርምሮ በመዝገብ መጻፍ (ኋላ ተበከለ አልተበከለም ተብሎ ሲካሰሱ ማስረጃ ይሆናልና)፥ በኤሪጋቦም ይሁን በሌላ ከተማ ማንም ሰው ወርቁን አምጥቶ በግልጽ የሚያስመዝንበት ቤት መክፈት የሚቻል ነገር ነው። ለዚህ የካናዳ ኩባንያ አያስፈልግም፤ የታወቁ ሽማግሌዎችና አንድ የማይዋሽ ሚዛን ይበቃል።

ኤዶ ግን ሐሳባችንን አልተቀበሉትም። «ወርቁ ይጠብቃል፤ የልጁ ሆድ ይጠብቃል ወይ?» አሉን። መልስ አላገኘንለትም።

ቀለበቱን ለማስተካከል ከሣጥኑ ጀርባ ወደ ተቀመጠው አንጥረኛ ወሰዱን። አንጥረኛው ለሌላ ሰው የሚሆን የአንገት ጌጥ ሲሠራ ነበር። የጌጡን ቅርጽ በሰም ሠርቶ፥ በሸክላ ለብጦ፥ በእሳት አድርቆት ነበር፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ጎድጓዳ ወርቁን አፈሰሰው። አማርኛ የሚማሩ ወዳጆቻችን «ሰምና ወርቅ» ማለት ባለ ሁለት ትርጉም ንግግር መሆኑን ከመምህሮቻቸው ሰምተው ይሆናል፤ ቃሉ የተወሰደው ከዚህ ከአንጥረኛ ሥራ ነው። እኛም በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ስንማር ትርጉሙን ሸምድደን እንጂ ሥራውን በዐይናችን አይተን አናውቅም ነበርና፥ በሐርጌሳ ገበያ ማየታችን ደስ አሰኘን።

ቀለበታችንን ተቀብለን ልንነሣ ስንል አንድ ጎልማሳ ልጅ መጣ። ፀሐይ ያከሰለው ፊት፥ በሲሚንቶ ከረጢት የተጠቀለለ የብረት መፈለጊያ በትከሻው ነበረው። ከመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ፍሬ በሚዛኑ ላይ አፈሰሰ። ኤዶ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ፤ ሚዛኑ 3 ግራም ከሁለት እጅ አሳየ። ከዚያ አንጥረኛው ወስዶ በእሳት አነጠረው፤ ቆሻሻው ሲወጣ 2 ግራም ከስምንት እጅ ሆኖ ተመለሰ። ልጁ አንድ ጊዜ አንጥረኛውን፥ አንድ ጊዜ ኤዶን አየ። እርሳቸውም ምንም ሳይሉ ሚዛኑን ወደ እርሱ አዙረው፥ ወርቁን አንሥተው ባዶውን ሚዛን አሳዩት፤ እንደ ገና አኖሩት፤ ያው 2 ግራም ከስምንት እጅ ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

ገንዘቡን የከፈሉት በእጅ አይደለም። በዚህ አገር ከ2009 ጀምሮ «ዛድ» በተባለው የቴሌፎን ገንዘብ ስለሚሠራበት ቁጥሩን ጫን ጫን አደረጉና የልጁ ስልክ ጮኸ። እርሱም እዚያው ቆሞ ከገንዘቡ የሚበልጠውን እጅ ወደ ሌላ ቁጥር ላከ። ኤዶ «ለእናትህ ነው?» ቢሉት፥ «ለባለ መሣሪያው ነው፤ ለእናቴ የሚቀጥለውን» ብሎ መለሰ፤ ይህን ለእኛ ወደ አማርኛ መልሰው ነገሩን። ልጁ ከረጢቱን አንሥቶ ወደ ቡርዖ መኪናዎች መናኸሪያ ሄደ። ኤዶም የጸሎት ጥሪ ሲሰማ ሣጥናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተነሡ፤ ሚዛኑን ግን በእጃቸው ይዘውት ሄዱ።